የጎረቤቴን ጾም ላስፈታ ሄጄ

ሞኝነቴን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። አምላክ እንደሌለ አስረዳለሁ ብዬ አንድ ሰው ልገድል ነበር። በዱላ አይደለም፤ በወሬ ነው።

መርሳ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ፀጉሬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ማመን ከተውኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። መተዉንም ቢሆን በደንብ አላወቅኩበትም። እንቅፋት ሲመታኝ "እመብርሃን!" እላለሁ። ሚስቴ ይህን በሰማች ቁጥር "ማንን ነው የጠራኸው?" ትለኛለች። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልበላም፤ ሚስቴ ስለማትሠራልኝ ነው። ከሃዲ ብትሉኝ እንኳ ማዕረጉ ይበዛብኛል።

አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ሰባን የተሻገሩ ሙስሊም ገበሬ ናቸው። ብርቱካንና ማንጎ አላቸው። የውሃ አባትም ናቸው፤ ከወንዙ የተጠለፈው የመስኖ ውሃ ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚዞር የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ዘንድ አንድ ሕግ አለ፤ ጮኾ ለመጣ ሰው ውሃ አይዞርም። ተራው ቢሆንም አይዞርም፣ እውነቱን ቢሆንም አይዞርም። "ነገ ቀስ ብለህ ና" ይባላል፣ አለቀ። ዛሬ ለጩኸት ውሃ ከተሰጠ ነገ ቦዩ ዳር የማይጮኽ ሰው አይኖርም ይላሉ። ይህን ሕግ ስንት ዓመት ለተማሪዎቼ እንደ ምሳሌ አውርቼዋለሁ መሰላችሁ።

ጎረቤቴ ስኳር አለባቸው፣ ጠዋትና ማታ መርፌ ይወጋሉ። አምና ረመዳንን ሲጾሙ ወድቀው ወልድያ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝተዋል። ሐኪሙ ዳግመኛ እንዳይጾሙ ወረቀት ጽፎ ሰጥቷቸዋል። ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጃቸው ደወለችልኝ። ወልድያ ነው ያገባችው፣ ድሮ አስተምሬያታለሁ።

"ቲቸር፣ አባቴን አደራዎን" አለችኝ። "እርስዎን ይሰማሉ። አምና ከሞት ነው የተመለሱት። ዘንድሮ ከጾሙ እናጣቸዋለን።"

"አብሽሪ፣ ለእኔ ተይው" አልኳት።

ልጅቷ የለመነችኝ ቅርንጫፍ እንድገዘግዝ ነበር፣ እኔ ግንዱን ከሥሩ ልነቅል ተነሳሁ። ለምን እንደሆነ ሐቁን ልንገራችሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እምነት የለሽ ሆኜ አንድ ሰው እንኳ ወደ እኔ አላመጣሁም። ሰፈራችን በቅርብ የመጣ አንድ ሰባኪ በስድስት ወር አራት ሰው ወደ እምነቱ ወስዷል። እኔ ቤቴ ውስጥ ያለችውን አንዲት ሚስቴን አላነቃነቅኳት። ቀናሁ መሰለኝ።

የመጀመሪያ ቀን ማንጎው ሥር ተቀመጥንና ስለ ከዋክብት ነገርኳቸው። ብርሃናቸው እኛ ጋ ለመድረስ ስንት ሺህ ዓመት እንደሚፈጅ፣ ምድር በዚያ ሁሉ መሀል የጤፍ ቅንጣት እንኳ እንደማታህል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ማሻ አላህ!" አሉ። "ይህን ሁሉ የሠራው ጌታ! መምህር፣ እስከ ዛሬ ለምን ሳትነግረኝ?"

ለእኔ ሊመሰክር ያመጣሁት ምስክር ለተከሳሹ መስክሮ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ከበድ ያለውን አመጣሁ። "ጋሼ፣ እሱ ደግና ሁሉን ቻይ ከሆነ ያ ጦርነት እዚህ ደጃችን ድረስ ለምን መጣ?"

"እሱን እኔም ጠይቄዋለሁ" አሉ።

"ምን አለዎት?"

"ገና አልመለሰልኝም። አንተ ዘንድ መልስ አለ?"

አልነበረኝም። የሌለኝ መሆኑ ደግሞ አናደደኝ። በሦስተኛው ቀን ተቀምጬ ጀምሬ ቆሜ ጨረስኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ከማዶ ያለው ውሻ ሁሉ ይጮኽ ነበር። "በሌለ ነገር ነፍስዎን ሊያጠፉ ነው!" አልኳቸው።

እሳቸው ቦዩን እያዩ "መምህር፣ ነገ ቀስ ብለህ ና" አሉኝ።

ስንት ዓመት ያወራሁለት ሕግ በራሴ ላይ ሲፈረድብኝ አላወቅኩትም! እየፎከርኩ ቤቴ ገባሁና ለሚስቴ "ዝም አሰኘኋቸው" አልኳት።

"እሳቸው ዝም ሲሉ አይደል የሚፈራው" አለችኝ።

የካቲት ውስጥ ረመዳን ገባ። እሳቸውም ጾሙ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሳይ ቦዩ ዳር ተቀምጠዋል፤ መቆፈሪያቸው ወድቋል፣ ልብሳቸው በላብ ርሷል። ዘልዬ ሄድኩ። ከሞተ አሥር ዓመት ባለፈው ወንድማቸው ስም ጠሩኝ። ስኳራቸው ወርዶ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውዬው ስኳር አልቆባቸው የተቀመጡት ብርቱካን ሥር ነው! ቀጠፍኩ፣ ልጣጩን በጥርሴ ነጨሁት፣ አፋቸው ላይ ጨመቅኩ። ጥርሳቸውን ግጥም አደረጉት።

"ጾመኛ ነኝ" አሉ ከጥርሳቸው መሀል።

ሃያ ዓመት ያጠራቀምኩት ክርክር ሁሉ ያችን መንጋጋ ሊከፍት አልቻለም። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ?

"ወላሂ ይፈቀዳል! ለበሽተኛ አላህ ፈቅዷል! ወላሂ፣ ጋሼ!"

ተከፈተ። አራት ብርቱካን ጨመቅኩላቸው። ቀስ በቀስ ዓይናቸው ጠራ፣ አወቁኝ። ከዚያ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር፦ "በማታምንበት ትምላለህ?"

"ማልኩ፣ ምን ላድርግ።"

"ዋሽተኸኝ ቢሆንስ?"

"ሄጄ እጠይቃለሁ።"

"ጠይቅ። እኔ ግን ነገም ጾመኛ ነኝ።"

ሚስቴን እሳቸው ጋ አስቀምጬ በባጃጅ ወደ መስጊዱ በረርኩ። ሼሁ ግቢው ውስጥ የውዱእ መታጠቢያውን ቧንቧ በፒንሳ ይታገላሉ። "ሼህ፣ ዛሬ በአላህ ስም ምያለሁ። እውነት መሆኑን ላጣራ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

"ሰው አጣርቶ ይምላል እንጂ" አሉና ሳቁ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ ጠፋ። "እውነት ነው። የማይድን በሽታ ያለበት ሰው አይገደድም፤ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ችግረኛ ያበላል። ይህን እሳቸው ልጅ ሆነው ቁርኣን ቤት የተማሩት ነው፣ ከእኔ አይጠብቁም። ይህን እያወቁ የጾሙት አንተ ምን ብለሃቸው ነው?"

ሦስቱንም ቀን ተረክሁላቸው። ፒንሳውን አስቀመጡት።

"ሦስት ቀን ሙሉ ጮኽክባቸው?"

"ኧረ የጮኽኩት በመጨረሻው ቀን ብቻ ነው።"

"ሰውን አምላክህ የለም ስትለው፣ ቀስ ብለህ ብትለውም ጩኸት ነው። እሳቸው ደግሞ ለጮኸ ሰው ምን እንደሚያደርጉ አገር ያውቃል። በል፣ ከመግሪብ በኋላ አብረን እንገባለን። አንተ ግን አትናገርም።"

"ጭራሽ?"

"ሰላምታ ተፈቅዶልሃል።"

ገባን። ሼሁ ስለ ቦዩ ጠየቁ፣ ስለ ላሟ ጠየቁ፣ የዘንድሮ ማንጎ ግራና ከተማ ገበያ ላይ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ስለ ጾም አንድ ቃል የለም። እኔ እጆቼን ቂጤ ሥር አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሼሁ እህ ብለው ሳሉብኝ። ማንም ሳይጠይቃቸው ነው ጎረቤቴ እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ ሰደው አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት ያወጡት። የሆስፒታሉ ወረቀት ናት፤ ጠርዟ ከኪስ ብዛት ተበልቷል።

"ይችን ጾሙ ሳይገባ ላመጣልዎ ነበር፣ ሼህ" አሉ። "ያን ሰሞን መምህር መጣ። አምላክ የለም እያለ ሦስት ቀን አደረቀኝ። ከዚያ ወዲያ ጾሜን ብተው ሐኪም ያዘዘኝ ነኝ ወይስ እሱ የረታኝ? አላህ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? መልሼ ኪሴ ከተትኳት።"

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ማንጎው ሥር ቆሜ ስደነፋ ወረቀቷ እዚያው ደረታቸው ላይ ነበረች ማለት ነው። አፌን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ በራሳቸው እግር መስጊድ ሄደው ነገሩ ባንድ ሲኒ ሻይ ዕድሜ ያልቅ ነበር።

ሼሁ ወረቀቷን አነበቡና ፍርዳቸውን ሰጡ። ጎረቤቴ ግን ወደ እኔ ዞሩ። "መምህርስ ምን ይላል?"

ሼሁን አየኋቸው። ባገጫቸው ፈቀዱልኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እንዲበሉልኝ ነው የምፈልገው። እንዲኖሩልኝ።"

"የአምላክስ ነገር?"

"እሱን ሌላ ቀን።"

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ጾመኛ እንዳያያቸው ጓሮ ዞረው ሻይ ሲጠጡ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዒድ መስጊዱ በር ላይ ለሚቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከጎረቤቴ ቤት ምግብ ይሄድላቸው ነበር። ለልጃቸው ደውዬ "ተውልሽ" አልኳት። "እንዴት አሳመኗቸው?" ብትለኝ "ዝም ብዬ" አልኳት። ቀልድ መሰላት።

አሁንም አላምንም። አስተካክላችሁ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ፤ እኔ የተለወጥኩ ሰው አይደለሁም። የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ። ሼሁ "አይፈቀድም፣ ይጹሙ" ቢሉ ኖሮስ? ያኔም እጄን ቂጤ ሥር አድርጌ ልቀመጥ? ያኔ መጮኽ ነበረብኝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጩኸቴ እኮ ያንን ወረቀት ወደ ኪስ ነው የመለሰው። ዝም ማለትም መጮኽም የሚገድልበት ቀን ቢመጣ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ፊዚክሱም አልነገረኝ። የማውቀው ያን ጊዜ እኔን ያስጮኸኝ የእሳቸው ነፍስ ብቻ እንዳልነበረ ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ መርታት አምሮኝ ነበር።

ዒድ ካለፈ በኋላ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። ፊታቸው ሞላ ብሏል። ክርናቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው እንደ ልጅ አተኩረው አዩኝና እንዲህ አሉኝ፦

"መምህር፣ አትቆጣኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ረመዳኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርደው ነበር። እሺ፣ ረታኸኝ እንበል። ጁምዓ ጁምዓ የት ልታውለኝ አስበህ ነበር? ስሞትስ ማን እንዲሰግድብኝ? ይህን አዘጋጅተህ ነው የመጣኸው፣ ወይስ እንዲያው ረትተኸኝ እኔን ማንጎው ሥር ትተህ ቤትህ ልትገባ ነበር?"