በርሜል ጠባቂዋ አዴ ከዲጃ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ፈጽሞ የማላምነው ነገር ጠርሙስ ነበር። እናቴ ለኢድና ለሰርግ የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ፣ ቀሪቦን ትጠምቃለች። ገብሱን እስኪጠቁር ቆልታ፣ አፍልታና አጥልላ፣ ሲቀዘቅዝ ስኳርና እርሾ ጨምራ ታሳድረዋለች። ግቢያችን በሙሉ የተቆላ ገብስ ይሸታል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀሪቦው ጋዝ እንዲይዝ ከየቤቱ በተለቀመ ባዶ ጠርሙስ ይሞላል፣ በቡሽ ይወተፋል፣ አንገቱ በሲባጎ ይታሰራል። እኔና ታላቅ እህቴ ሀዋ ጠርሙሶቹን በአሸዋ ስናጥብ እጃችን ይላጥ ነበር። አንዱ ናፍጣ የነበረበት ሆኖ ይገኛል፣ ሌላው ስር የሞተ በረሮ ይኖራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በአፍንጫችን እንመረምረዋለን። ተሞልቶም እፎይታ የለም። የከሚሴ ፀሐይ ስትጠነክር ጓዳ ውስጥ አንዱ በድንገት ጧ ብሎ ይፈነዳል። በአንድ የአረፋ በዓል ዋዜማ ስባሪው የእናቴን ቅንድብ ሰነጠቀው።

አባቴ በያጅ ነበር። ያን ደም ካየ በኋላ ኮምቦልቻ ሄደና በጭነት መኪና አንድ ወፍራም፣ ሆዱ የተነፋ የብረት በርሜል አስጭኖ ተመለሰ። ከቁራሌዎች ነው ያገኘሁት አለ። እናቴ ዞር ዞር ብላ አየችው።

"ይሄ የቢራ በርሜል አይደለም እንዴ?"

"ነበር" አለ አባቴ።

የሰፈራችንን ሼህ ጠይቆ፣ በደንብ ከታጠበ ችግር የለውም መባሉን ነገራት። ከዚያ በፈላ ውሃና በአመድ ሲያጥበው ሰነበተ። አናቱን ቆርጦ በብሎን የሚጠብቅ ክዳን አበጀለት፤ ከጎማ ቆርጦ ማሸጊያ፣ ከታች ደግሞ ቧንቧ ገጠመለት። የመጀመሪያው ቀሪቦ የተቀዳበት ቀን እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። በርሜሉ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ማንጎው ጥላ ስር ውሎ ነበር። ቧንቧው ሲከፈት ጭስስ አለ፤ ብርጭቆው ውስጥ ነጭ አረፋ ወጣ። ጥርስ ያቀዘቅዛል፣ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ጠርሙስ ማጠብ ቀረ፣ ሲባጎ ማሰር ቀረ። ሲያምረን ጉንጫችን እስኪሞላ ብቻ እንቀዳለን፤ የተረፈው ጋዙ ሳይጠፋ እንደታሸገ ይቆያል።

ጠርሙስ ግን ውስጡ ይታያል፤ በርሜል አይታይም። ጎረቤታችን እቴ ዘሀራ ልብስ የምታሰጣ መስላ በአጥሩ ላይ ማየት ጀመረች። ቁርአን ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ "እስቲ ተንፍሺ!" ብላ አፌን አሸተተች። ቀስ በቀስ ጥርጣሬው እኔንም ያዘኝ። አባቴ ድሮም ሲበይድ የሚያንጎራጉር ሰው መሆኑን ረስቼ፣ ሲያንጎራጉር በሰማሁት ቁጥር ጠጥቶ ይሆን እላለሁ። ማታ ከሥራ ሲገባ ሮጬ አቅፈውና ትንፋሹን እስባለሁ። የሚሸተኝ የብረትና የላብ ሽታ ነው። ያም አላሳመነኝም፤ በማግስቱ ደግሜ አሸተዋለሁ።

በዚህ መሃል ሀዋ አቅራቢያችን ባለችው ጨፋ ለሚኖር ልጅ ታጨች። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጨፋ ደርሷል፤ "የሙሽሪት ቤት በቢራ በርሜል ይጠመቃል" ተብሎ። ሰርጉ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ጓዛቸውን ይዘው ወረዱ። አዴ ከዲጃ ነበሩ፣ ሙሽራውን ያሳደጉት አያቱ፤ አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደ ማለት ነው።

"አካም ቡልታኒ" አሉ፣ እንዴት አደራችሁ ለማለት። እናቴ መልሳ ሳትጨርስ "በርሜሉ የት ነው ያለው?" ሲሉ ጠየቁ።

ጠምቀን እስክንጨርስ፣ ሰርጉም እስኪያልፍ እንደማይሄዱ ነገሩን። ገብሱን ዘግነው አሸተቱ። ስኳሩን ቀመሱ። እርሾውን "ከማን ነው የመጣው?" ብለው እናቴን አፋጠጧት። ክዳኑ ሲታሰር ብሎኖቹን በጣታቸው እየነኩ ፈተሹ። ከዚያ በርጩማ አስጠግተው በርሜሉ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሰላታቸውንም እዚያው ሰገዱ። እኔ ውሃ ለመቅዳት በዚያ ባልፍ እንኳ ዓይናቸው ይከተለኛል። ሀዋ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ሰርጉ የሚቀር መስሏት ነበር። እናቴም እንግዳ ናቸው ብላ ስትችል ቆይታ በመጨረሻ እንደ ጠጅ ጠማቂ መታየቱ መረራት።

"አዴ፣ ወላሂ ከበደኝ። እኔን የሚያዩኝ እንደ ሙሽሪት እናት ነው እንደ ሌባ?"

አዴ ከዲጃ እጃቸውን በርሜሉ ላይ አሳረፉ። እኔ ማንጎው ግንድ ጋ ቆሜ ነበር።

"ልጄ ሁሴን ሹፌር ነበር" አሉ። "የዚህ የሙሽራው አባት። ብርጭቆ ይዞ ባየሁት ቁጥር 'ለስላሳ ነው እማ' ይለኛል። አምነው ነበር። ጠጥቶ ሲነዳ መኪናው ቦርከና ወንዝ ገባ። አንድ ቀን እንኳ ብርጭቆውን ተቀብዬ ባሸተው ኖሮ..."

እናቴ ሄዳ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ሲሰማ የቆየው አባቴ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የቧንቧውን እጀታ ፈታና በመዳፋቸው ላይ አስቀመጠው። "አንቱ ሳይከፍቱት ማንም አይቀዳም" አላቸው። በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት።

የሰርጉ ቀን ዳሱ ሞልቶ ነበር። የጨፋ ሰዎች ብርጭቆ አስቀምጠው ይጠብቃሉ፤ የእኛም ሰፈር ሰው እቴ ዘሀራን ጨምሮ አንገቱን አስግጓል። አዴ ከዲጃ እጀታውን ገጥመው ቀዱ። አረፋው ሲወጣ ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ፤ የቢራም አረፋ እንዲሁ ነዋ። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። በምላሳቸው ጫፍ ነኩት፤ ከዚያ ጎንጨት አሉ። ሀዋ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ዓይኗን አውጥታ ታያለች።

"ሚኣዋ" አሉ፣ ይጣፍጣል ማለታቸው ነው። ብርጭቆውን ጨልጠው ደገሙ።

ከዚያ በኋላ ከቧንቧው የሚያስነሳቸው ጠፋ። የመጣውን ሰው ብርጭቆ አገላብጠው ያዩና፣ ሌላ ነገር አልያዘም ብለው ሲያምኑ ይቀዱለታል። ከሚዜዎቹ አንዱ እየሳቀ "አዴ፣ ይሄ በርሜል ግን አያሰክርም?" ቢላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። "እኔ ቁጭ ብዬ የጠበቅኩትን? ና ተንፍስ እስቲ! አንተ ነህ የምትጠረጠረው!" ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ እናቴም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የአባቴን ትንፋሽ ማሽተት ተውኩ።

አዴ ከዲጃ እስኪሞቱ ድረስ ወደ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ባለፉ ቁጥር እኛ ቤት ሳያድሩ አይሄዱም ነበር። መጀመሪያ የሚገቡት ጓዳ ነው፤ ክዳን ያለውን ዕቃ ሁሉ ከፍተው ያያሉ። እናቴም ከፍታ ትሰጣቸዋለች።

በቅርቡ የሀዋ ልጅ ተዳረች። ሰርጉ በአዳራሽ ነበር። ለስላሳው በካርቶን ተደርድሯል፣ ሁሉም ታሽጎ የመጣ ነው፤ ማን እንዳመጣው፣ ምን እንዳለበት የጠየቀ አልነበረም። ቀድሞ ጓዙን ይዞ የመጣብን፣ ያስቀየመን፣ ያስለቀሰን እንግዳም የለም። የሙሽራውን አያት ያየኋቸው ስንወጣ በሩ ላይ ነው። ደግ ፊት አላቸው። ሰላም ተባባልንና እሳቸው ወደ መኪናቸው፣ እኔም ወደ መኪናዬ ሄድን። ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቀውም።