የንግሥቲቱ ሁለተኛ ዓይን

ለዘገባ ወደ ሰሜን ስወጣ ደባርቅ ላይ የማድረው ሁልጊዜ አንድ አልጋ ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውንም ቤቱንም ብቻቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው ስሜን እያወቁ «ጋዜጠኛው» ይሉኛል፤ ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ገብሱ ሊያሸት ሲል፣ ስደርስ የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ተለውጦ አገኘሁት። የዋልያውና የጭላዳው ፖስተሮች ወርደዋል። በቦታቸው ባለ መስታወት የእንጨት ክፈፎች ተደርድረዋል፤ በየክፈፉ ውስጥ በጥቁር ቀለም የታተመ የቆየ ሥዕል አለ። ከግራ ጀምሬ አየሁ። ሕፃን ልጅ ስትጠመቅ፤ ወጣት ሴት ዘውድ ሲደፋላት፤ ስትዳር፤ በልጆች ተከብባ ስትቀመጥ፤ ጥቁር ለብሳ ብቻዋን፤ በመጨረሻም አርጅታ በሠረገላ ስታልፍ። ግርጌያቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብሁ። የእንግሊዝ ንግሥት ናት፤ ከሞተች መቶ ዓመት ያለፋት።

«ይህች ከየት መጣች?» አልኋቸው።

«ከጎንደር። አንድ ሆቴል ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ ክፈፍ ልገዛ ሄጄ። የባሌን ፎቶ ላስገባበት ነበር እኮ። ሥዕሎቹን አውጥቼ ልጥል ስል ይህችኛዋን አየሁና እጄ ተያዘ።»

ያሳዩኝ ጥቁር የለበሰችውን ነበር። ንግሥቲቱ በጎን ተቀምጣ ከደረት በላይ የተቀረጸ የድንጋይ ምስል ታያለች። እግሯ ሥር ውሻ ተኝቷል።

«ባሏ ነው አይደል?» አሉ ወደ ድንጋዩ እያመለከቱ።

«አዎ፤ ሞቶባት ነው።»

«ጥቁሩን መቼ አወለቀች?»

«አላወለቀችም። እስክትሞት ለበሰችው።»

ወደ ወጥ ቤት ዞረው «አላልሁሽም?» አሉ ለሠራተኛይቱ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። «ልጆችስ?»

«ዘጠኝ።»

ወገባቸውን ያዙ። «ዘጠኝ አሳድጋ አገር አስተዳድራ። እኔ አራት አሳድጌ አሥራ ሁለት አልጋ አስተዳድሬ ወገቤ ተቆረጠ።»

የባላቸው ፎቶ ግን ያን ጊዜም በብስኩት ካርቶን ውስጥ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እሱ ታጋሽ ነው» አሉኝ።

ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው። እትዬ የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው፤ ጽዋው ከቤት ቤት ዞሮ የእሳቸው ተራ በዚያው ሳምንት ይደርስ ነበር። ጠላው ተጠምቋል፤ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ሰው ያልሞላበት አዳራሽ ታጥቧል። የነፍስ አባታቸው፣ የማኅበሩም ካህን የሆኑት፣ ቤቱን ሊያዩ ብቅ አሉ። አዳራሹ ደፍ ላይ ደረሱና ቆሙ። ግድግዳውን ተራ በተራ ካዩ በኋላ አልገቡም።

«አባ፣ ምነው?» አሉ እትዬ።

«አንድ ዓይን ናት» አሉ አባ።

እኔ ጥግ ላይ ሽሮዬን እበላ ነበር፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ያደገ ሰው ሥዕል ሲያይ መጀመሪያ ዓይን ይቆጥራል። ጻድቅ ሙሉ ፊቱ ይታያል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይገኛሉ። ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች፣ ሰይጣን ራሱ፣ የሚሣሉት በጎን ነው፤ ለእነሱ አንድ ዓይን ይበቃል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ይህን የነገረው የለም። በአምስቱ ሥዕሎች ንግሥቲቱ ሁለት ዓይን አላት፤ ጥቁር በለበሰችበት ግን ጥርት ያለ አንድ ጎን ብቻ ነው።

«አባ፣ ይህ የእነሱ አሣሣል ነው፤ ክፉ ናት ለማለት አይደለም» አልሁ።

«እኔም ክፉ ናት አልወጣኝም። ግን ሠዓሊው አንድ ነገር ባያይባት ነው በአምስቱ ሰጥቶ በአንዱ የሚነሳት?»

«ወደ ባሏ ምስል እያየች ስለሆነ ነው።»

«ባልንም በሁለት ዓይን ማየት ይቻላል።»

አባ መቋሚያቸውን አስተካክለው ፍርዱን ተናገሩ፤ ያቺ ትውረድ፣ ካልወረደች ጽዋው ወደሚቀጥለው ቤት ይለፍ። መንገዳቸውን ሄዱ።

ጽዋ ያለፈው ቤት ምን እንደሚባል ደባርቅ ላይ የማያውቅ የለም። ወሬው ጎረቤት ከተማ ዳባትም ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። እትዬ ወንበር ስበው ከሥዕሉ ፊት ተቀመጡ።

«አውርጃት ማኅበሩ ሲያልቅ ልመልሳት እችላለሁ» አሉ።

«ይቻላል።»

«አይቻልም። ሙሽራዋ ትቀመጥ፣ ባለ ዘውዷ ትቀመጥ፣ ባል የሞተባት ትውጣ? ይህን እኔም ላይ ሞክረውታል፤ የባሌ ወንድሞች። አርባው ሳይወጣ።» ቀና ብለው አዩኝ። «አልወጣሁም።»

ከፊት የተነሣችው ፎቶ ካለ አሳትሜ ላምጣ አልኋቸው። አልፈለጉም። ስልካቸውን አንሥተው ዳባት ላለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደወሉ። በማግስቱ ጧት በሚኒባስ መጣ፤ ቀለሙን በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ ብሩሾቹን በካፖርቱ ኪስ ይዞ። ዝምተኛ ሰው ነው። ሥዕሉን አውርዶ መስኮት ዳር ወሰደውና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አየው።

«ወረቀቱን አልነካም። የሰው እጅ ነው» አለ በመጨረሻ። «መስታወቱ ላይ እሠራለሁ።»

ሥራው እንዳሰበው አልቀለለውም። በጎን የተሣለ ፊት ሁለተኛ ዓይን የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ ከአፍንጫው ወዲያ ያለው አየር ነው። ዓይኑን አየሩ ላይ አስቀመጠው። ራቅ ብሎ አየና «ለብቻው ሲሆን ሰው ያስደነግጣል» ብሎ ቅንድብ ጨመረለት። ቅንድቡ የሚያርፍበት አጣ፤ ግንባር ጨመረ። ከዚያ ጉንጭ። ጉንጩ ሰፍቶ የባልየውን የድንጋይ አፍንጫ ሸፈነው።

«ባሏን አጠፋህብኝ» አሉ እትዬ።

«እንዲያው አፍንጫውን ነው። ጆሮው አለ።»

ሲጨርስ ንግሥቲቱ አንድ ትንሽ የእንግሊዝ ዓይንና አንድ ትልቅ የጎንደር ዓይን ነበራት፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ መላእክት ላይ የምናየው ዓይነት፣ ክብ፣ ነጩ የበዛ። በትንሹ ባሏን ታያለች፤ በትልቁ በአዳራሹ በር የሚገባውን ሁሉ። እትዬ ክንዳቸውን አጣምረው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«እኔም እንዲህ ነኝ» አሉ። «አንዱ ሐዘን ላይ ነው፤ አንዱ በር ላይ።»

አባ ከሰዓት በኋላ ተጠሩ። በጣታቸው ወደ መስታወቱ እየጠቆሙ፣ «አንድ፣ ሁለት» ብለው ቆጠሩ። ሠዓሊው ከኋላቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባ፣ ውሻውም አንድ ዓይን ነው። ልጨምርለት?»

«እሱ ቤት ውስጥ መግባቱ ይበቃዋል» አሉ አባ፣ ወደ አዳራሹም ገቡ።

በማኅበሩ ቀን እኔም ከደባርቅ አልወጣሁም። መኪና ነበረ፤ እትዬ «ቆይ፣ የሚጠይቅ አይጠፋም፣ አንተ ትመልሳለህ» ስላሉኝ ነው። ከጸሎቱና ከጽዋው በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጠላውን ይዞ ሲዝናና፣ እትዬ ተነሥተው የንግሥቲቱን ሕይወት ከጥምቀቷ ጀምረው እንደ ገድል ተረኩት። ሠርጉ ላይ ሴቶቹ ቀሚሱን አደነቁ። ልጆቹ ጋ ሲደርሱ አንዷ «ሞግዚት ይኖራታል እንጂ» አለች። ጥቁሩ ላይ ሁሉም ከንፈራቸውን መጠጡ። ስለ ትልቁ ዓይን የጠየቀ አልነበረም።

እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ያልጠየቁኝን አልተናገርሁም። የጠየቁኝ ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ደረስጌ የተወለዱ ሽማግሌ ናቸው።

«አንተ ጋዜጠኛው። ንጉሡ ደብዳቤ የጻፈላት የእንግሊዝ ንግሥት ይህች ናት ወይስ ሌላዋ?»

«ይህች ናት፣ አያ።»

«ያልመለሰችለት።»

«ያልመለሰችለት።»

ዋንጫዎቹ ባሉበት ቆሙ። ሽማግሌው ዝግ ብለው ቀጠሉ። «ንጉሡ የተቀባ እኛ ደብር ነው፤ ደረስጌ ማርያም። በወግ ጻፈላት። እሷ ዝም አለችው። እሱ ተቆጣ፤ ሰዎቿን አሰረ፤ ጦሯ መጥቶበት በገዛ ሽጉጡ እስኪሞት የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እና ዛሬ ከሷ ሥር ተቀምጠን ጠላ እንጠጣ?»

አባ ወደ ሥዕሉ ቀና አሉ። ዓይን እንደገና የሚቆጥሩ መሰለኝ።

«ባሏ በሞተ ሰሞን ነው የደረሳት» አሉ እትዬ ፈጠን ብለው። «ሐዘን ላይ ያለች ሴት ደብዳቤ ትመልሳለች? አይደለም ወይ፣ ጋዜጠኛው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «ዓመት አልፎት ነበር» አልሁ።

እትዬ ቁርሴን ሲያቀርቡልኝ የኖሩ ሴት ናቸው። በዚያች ደቂቃ የተመለከቱኝ ግን ቁርስ የሚሰጡትን ሰው እንደሚመለከቱት አልነበረም።

«እንግዲያ ተዝካሩም ወጥቷል፣ ሙት ዓመቱም አልፏል» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ። ደብዳቤው ግን» አልሁ «ለንደን ከደረሰ በኋላ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተላልፎ፣ መልስ ሳይጻፍበት ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ቀረ ነው የሚባለው።»

«መዝገብ ቤት?»

«እንደዚያ በሉት።»

በር አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ወይዘሮ ጠላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «የግቢዬ ካርታ ማመልከቻ የገባው ልጄን ስድር ነው» አሉ። «አሁን የልጅ ልጄ ልትዳር ነው። ተመርቷል ይሉኛል። ወደ ማን ብል፣ የመራው ሰውዬ ተቀይሯል።»

«ያንቺስ ተመርቷል» አለ ሌላው። «የኔ ፋይሉ ራሱ የለም። ግብር ሲሰበሰብ ግን እኔ መኖሬ ተገኘ።»

ከዚህ በኋላ አዳራሹ በማመልከቻ ተሞላ። አባ ሳይቀሩ ለደብራቸው ቆርቆሮ የጻፉትን አነሡ። ሽማግሌው እስኪበቃቸው አዳመጡና በመጨረሻ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«እጇ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆን?» አሉኝ።

«ያን አላረጋገጥሁም፣ አያ።»

«ካላረጋገጥህ ተወው።» ዋንጫቸውን ዘረጉ፤ እትዬ በራሳቸው እጅ ሞሉላቸው። አባ «እንግዲህ ነፍስ ይማር» አሉ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ተቀበለ።

«የእሷን ነፍስ ይማር» አሉ ሽማግሌውም። «የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ግን እኔ አላውቅም።»