አምስቱን ሰዎች አምጣ

ያልተናገርኩትን ቃል በአውራ ጣቴ አስፈርመውኛል። ሁለት ሬዲዮዎቼንም ወስደው አልመለሱም። የተበደልኩት ይኸው ነው፤ የተረፈው ዝርዝር ነው።

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ወጣት ላፕቶፑን ይዞ አሶሳ ያለችው የጥገና ሱቄ መጣ። ጣት የምታክል የሬዲዮ መቀበያ ሰካበት። ከየአገሩ የሚመጣው ድምፅ ስክሪኑ ላይ ቀለም ሆኖ እንደ ዝናብ ወረደ። የቱ ድምፅ በስንት ሰዓት እንደተሰማ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግባል።

«አባባ፣ አማተር ሬዲዮ ሰምተው ያውቃሉ?» አለኝ።

«ሰምቼ ታስሬበታለሁ።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

ክልሉ ገና የተቋቋመ ሰሞን ነው። ቢሮ እንደ አሸን ፈልቶ ነበር፤ ማኅተሙ ደርሶ ወንበሩ ያልደረሰ ቢሮ። እኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበርኩ፤ ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ዕቃውን የማውቀው በቀለሙና ሲቃጠል በሚሸተው ሽታ ነው። ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ የወለጋ ሰው ነበሩ፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ፤ ጴንጤ፤ ቁጣም ሳቅም የማይቸግራቸው። አንድ ቀን አጭር ሞገድ ላይ እንደ ዳክዬ የሚንጫጫ ድምፅ ሰምቼ ጠየቅኳቸው።

«አማተሮች ናቸው» አሉኝ። «ደሞዝ የላቸው፣ ዜና የላቸው። ከአገር አገር ስለ አንቴናቸው ሲያወሩ ይውላሉ።»

«ለምን?»

«ስለሚወዱት ነዋ! በተራ ሬዲዮ ግን ንግግራቸው አይለይም።»

አይለይም መባሉ አናደደኝ። ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ተክዬ ሽቦ ወጠርኩ። ከዚያ ሽቦው በተሰካበት ሬዲዮ አጠገብ ሌላ ሬዲዮ አስቀምጬ፣ የሁለቱ ሞገድ እስኪገጥም የሁለተኛውን ቁልፍ ቀስ፣ ቀስ እያልኩ ሳዞር የዳክዬው ጫጫታ ሰው ሆነ። ስለ ጉልበቱ ሕመም በዓረብኛ የሚያወራ ሽማግሌ! ገበያ ያስተማረኝ ዓረብኛ በቂዬ ነበር። ዘዴውን ማንም አላሳየኝም። ዛሬም እኮራበታለሁ።

የሰማሁትን ላለመርሳት ደብተር ያዝኩ። ሰዓት መጻፍ ስለማልችል ቀኑን በአምስቱ ሶላት ከፈልኩት። ለንጋቱ ፈጅር ነጥብ፣ ለቀትሩ ዙህር ክብ፣ ለከሰዓቱ ዐስር ጭረት፣ ለፀሐይ ግባቱ መግሪብ ግማሽ ክብ፣ ለምሽቱ ኢሻ ሁለት ጭረት። ድምፁ ከሩቅ ከመጣ ከሥሩ ረጅም መስመር፣ ከቅርብ ከሆነ አጭር።

ሐምሌ ላይ ፖሊሶች መጡ። ቀዩ ጭቃ መኪናቸውን ይዞባቸው ስለነበር በእግር ነው የገቡት፤ ንዴታቸው ከጫማቸው ይጀምራል። ቀርከሃውን ነቅለው፣ ሬዲዮዎቹንና ደብተሩን ይዘው እኔንም ጨመሩ። መርማሪው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የኔ እኩያ ነበር።

«አምስቱ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«በየቀኑ የምታገኛቸው! ይኸው አምስት ምልክት፣ ቀን በቀን።»

«ሰዎች አይደሉም። ሶላት ነው።»

«በሬዲዮ ነው የምትሰግደው?»

አጠገቡ የቆመው ፖሊስ ሳቀ።

«ማንበብ የማያውቅ ሰው ሬዲዮ ከሬዲዮ ያጋባል? አትቀልድ። አምስቱን ሰዎች አምጣ።»

ሰው የሚያውቀውን ማሳየት ይችላል። አለማወቁን በምን ያሳያል? ጋዜጣ ፊቴ ዘርግተው ዓይኔን ያዩ ነበር። ዓይኔ ሲንቀሳቀስ «እያነበበ ነው»፤ ሲቆም «እያስመሰለ ነው»። እህቴ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ታመጣልኛለች፤ ዘበኛው ሽቦ እንዳይኖረው በእንጨት ያማስለዋል። ገንፎው ቀዝቅዞ ይደርሰኛል፤ ሳልበላው ይመለሳል። በሃያኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ «ነገ ወደ ሌላ ቦታ ትጫናለህ» አሉኝ። ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም። ያኔ እንዲህ ተጭኖ የሄደ ሰው ወሬው አይመለስም ነበር።

ኦቦ ዲንሳ ይህን ሰምተው በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ከተፍ አሉ።

«ጌታው፣ ደብተሩ ውሸታም ከሆነ ዛሬውኑ ይታወቃል» አሉት መርማሪውን። «ሽቦውን ወጥሩና አብረን እንስማ። ምን እንደሚሰማ እሱ አስቀድሞ ይናገር።»

ሬዲዮዎቼ ወጡ፤ ሽቦውም ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተወጠረ። በዙህር አጭር መስመር ነው አልኩ፤ ከቅርብ አገር የሚመጣ ብቻ ተሰማ። ዐስርም እንደዚያው። «መግሪብስ?» አለኝ መርማሪው።

«ፀሐይ ስትገባ ሩቁ ይመጣል። ሽማግሌው ያወራል።»

ያንን ካልኩ በኋላ ነው ፍርሃት የያዘኝ። ሽማግሌው ዛሬ ታሞ ቢቀርስ? ሕይወቴ በማላውቀው ሰው ጉልበት ላይ ወደቀች። የመግሪብ አዛን ተባለ። ጫጫታ ብቻ። እጄን አልቦኝ ቁልፉ ያዳልጠኛል። ኦቦ ዲንሳ ዓይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ይጸልያሉ። ቀስ፣ ቀስ። ዳክዬው ጮኸ፣ ተንጫጫ፣ ከዚያ ሰው ሆነ። ሽማግሌው ሰላምታ ሰጥቶ ስለ ጉልበቱ ጀመረ።

መርማሪው ወደ ሬዲዮው ጎንበስ አለ። «ቀን ቀን ለምንድነው የማይመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እንደ ተማሪ። በዚያች ደቂቃ ወድጄው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ዲንሳ ሥራ ላይ ሳሉ መርማሪው ወረቀት ዘረጋልኝ። «ዕቃህ እኛ ጋ መሆኑን የሚገልጽ ነው። አሻራህን አድርግና ውጣ።» አድርጌ ወጣሁ። ሬዲዮዎቹ እዚያው ቀሩ።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ ጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው፤ አሻራ ያደረግኩበት ወረቀት ምን እንደሚል ሳላውቅ መሞት አልፈለግኩም። ማንበብ እንደቻልኩ የፖሊስ መዝገብ ቤት ሄድኩና ወረቀቱን አስወጣሁ። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ «ከአምስት ግብረ አበሮቼ ጋር በሬዲዮ ስገናኝ እንደነበር አምኛለሁ። ዳግመኛም ሬዲዮ ላልነካ ቃል ገብቻለሁ።» ከታች የኔ አውራ ጣት።

መርማሪው ሳያውቅ አድርጎት ቢሆን ይቅር እለው ነበር። በጆሮው ሰምቷል። «ተሳስቻለሁ» ብሎ ከሚጽፍ እኔን ወንጀለኛ ማድረግ ቀለለው። ይሰረዝልኝ ብዬ ዓመታት ተመላለስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ ኃላፊው ተቀይሯል፤ ፋይሉ አልተገኘም። ኦቦ ዲንሳ ምስክርነታቸውን ጽፈው ሰጥተውኝ መጨረሻውን ሳያዩ ሞቱ።

ይህን ሁሉ ስነግረው ወጣቱ መምህር ላፕቶፑን ዘግቶ ነበር። «ግን በመጨረሻ ሰረዙልዎት?» አለኝ።

ሰርዘውልኛል። «የእምነት ቃሉ ከመዝገብ ወጥቷል» የሚል የሁለት መስመር ደብዳቤ ነው። ይቅርታ የሚል ቃል ፈልጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የለም። አሁን እንዳነብ ያደረገኝ ቂም መሆኑን አልደብቅም፤ ደግ ነገር ከክፉ ይወጣል ብዬ ግን ማንንም አላመሰግንም። ደብዳቤውን የተቀበልኩት ራሴ ነኝ። በአሻራ ሳይሆን ስሜን ጽፌ ለመቀበሌ ፈረምኩ፤ ከጎኑም ቀኑን። ማክሰኞ፣ ግንቦት ስድስት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት።