ቅዳሴያቸውን ለሕመምተኞች የተዉት መምሬ ደሳለ

የቆቦው መምሬ ደሳለ ማረፋቸውን የሰማሁት ትናንት ጧት ነው። የደወለችልኝ የዱሮ ሕመምተኛዬ ዘሀራ ናት፤ «አባ ሄዱብን» አለችኝ። ያወቃቸው ሁሉ ከእኔ ጋር እንዲያስባቸው፣ ያላወቃቸውም ማን እንደነበሩ እንዲረዳ ይህን ጻፍሁ።

በደርግ ዘመን ከጎጃም ተመድቤ ቆቦ ክሊኒክ ስገባ ትዕግሥት ያልፈጠረብኝ ጎረምሳ ጤና ረዳት ነበርሁ። መምሬ ደሳለ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጠበል ያጠምቁ ነበር። ባሠሯቸው የሣር ዳሶች ውስጥ ከሮቢትም ከጎብዬም የመጣ ሕመምተኛ ይጠለላል። ክርስቲያን ነህ እስላም ነህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እሳቸው ለመጣው ሁሉ የሚያቀርቡት ጥያቄ «እህል ቀምሰሃል ወይ?» የሚል ብቻ ነበር።

ዘሀራ የጎብዬ ሰው ናት። ሁለት ሕፃናት ይዛ፣ ደም እየተፋች ክሊኒክ መጣች። የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ኪኒን ሰጥቼ በየጧቱ እንድትውጥ አዘዝኋት። ከወር በኋላ ቀረች። ባፈላልጋት ጠበሉ ዘንድ ተኝታ አገኘኋት፤ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ኪኒኑን በመሀረብ ቋጥራ አስቀምጣዋለች።

«ጠበል በባዶ ሆድ ነው፤ ኪኒን ጾም ያስፈታል አሉኝ ጠበልተኞቹ» አለች።

ሌሎቹ ሕመምተኞችም እንደ እሷ ኪኒናቸውን ቋጥረው ነበር። ደሜ ፈላ። «መምሬ፣ ሰው እያስጨረሱ ነው!» ብዬ በሕዝብ ፊት ጮህሁባቸው። እሳቸው አልተቆጡም። «አትዋጡ አላልሁም፤ ዋጡም አላልሁም። ጥፋቴ እሱ ነው» አሉ። ይህን ሲናገሩ ሳል ያዛቸው፤ አልለቅ አላቸው። ለምኜ ክሊኒክ ወሰድኋቸው። አክታቸው ሲመረመር እሳቸውም ተይዘዋል።

ቄስ ጾሙን በምንም ነገር ከፈታ በዚያ ቀን አይቀድስም። ስለዚህ «ከቅዳሴ በኋላ ቤትዎ ይዋጡት፤ ማንም አያይዎትም» አልኋቸው። ነቀርሳ የያዘውን ቄስ መስቀል ማን ይሳለማል ብዬም ፈርቼላቸው ነበር።

«ሐኪሜ፣ እኔ ተደብቄ ከዋጥሁ እነሱ ተደብቀው ይጥሉታል፤ ከእነሱ ጋር በጧት ነው የምውጠው» አሉኝ።

በማግስቱ ጧት ሕመምተኛው በተሰበሰበበት ቆሙ። «እኔንም የእናንተው በሽታ ይዞኛል» አሉ። ከዚያ ኪኒኑን አፋቸው ውስጥ ጨምረው በጠበሉ ዋጡት። «እንግዲህ እኔ ጾሜን ፈታሁ፤ ብቻዬን አታስቀሩኝ» አሉ። መጀመሪያ መሀረቧን የፈታች ዘሀራ ናት።

ዓመት ሙሉ መምሬ በየጧቱ እንዲሁ ከሕመምተኞቹ ጋር ዋጡ፤ ዓመት ሙሉም አልቀደሱም። ደወሉ ሲደወል ዳሱ ደጃፍ ቁጭ ብለው ዜማውን ለብቻቸው ሲሉት፣ እንባቸውንም በጋቢያቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ። አንድ ቀን «ይቆጭዎታል?» ብላቸው፣ «ታዲያስ! አይቆጨኝም ብዬ ልዋሽህ?» አሉኝ። ሥራ ላይ ግን ቀልድ አያውቁም ነበር፤ ኪኒን ያስተረፈ ሰው ካለ ስሙን ጠርተው በሁሉም ፊት ያስውጡታል።

ዘሀራ ድና ልጆቿን ይዛ አገሯ ገባች። መምሬም ድነው ወደ ቅዳሴያቸው ተመለሱ። የተመለሱ ዕለት እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር የሰማሁት። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም የመንግሥት ሠራተኛ ወየውለት ብሎ ካድሬው አስጠንቅቆን ነበርና መግባት ፈራሁ። ቅዳሴው ሲያበቃ እሳቸው ራሳቸው የተባረከውን ዳቦ ይዘው ወጡ፤ «አንተም አስቀድሰሃል፤ እንካ ብላ» ብለው በእጄ አስያዙኝ።

መምሬ፣ ያን ዳቦ ስቀበል ማን አየኝ ብዬ ዞር ዞር አልሁ እንጂ እጅዎን እንኳ አልሳምሁም። እርስዎ በሽታዎን በሕዝብ ፊት ተናገሩ፤ እኔ የእርስዎ ልጅ መባልን ፈራሁ። ይህን ልነግርዎ ስንት ጊዜ ቆቦ ድረስ መጥቼ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው አውርተን ተመለስሁ። እርስዎም ሳያውቁት አልቀሩም፤ አንድም ቀን ግን አላነሱብኝም። ደኅና ይሁኑ፣ አባቴ። ዘግይቼም ቢሆን ይፍቱኝ።