ሸሪኬ የተቀመጠበት መደብ

የአክስቴ ልጅ ሸሪኬ ሆኖ ቤቴ የገባው አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ታፔላና የማያልቅ ወሬ ይዞ ነው። ታፔላውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ፍሪጁን ተሸካሚዎች አስገቡት። ወሬውን ግን እሱ ራሱ ተሸክሞ ገባ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ሲሸከም አይቼው አላውቅም።

ቤቱ ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ፣ ባጃጅ በማይገባበት ጠባብ መንገድ ላይ ያለ የአባቴ ቤት ነው። አባቴን እስከ መጨረሻው ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ሲሞትም ቤቱ ለኔ ቀረ። ባሌም ካረፈ፣ ልጆቼም በየፊናቸው ከሄዱ በኋላ ባዶ ክፍል ታቅፎ መቀመጥ ሰለቸኝና ለእንግዳ ማከራየት ጀመርኩ። ንጹሕ አልጋ፣ ጠዋት ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ከዚያ የቡና ቅጠል በወተት። ሥራው ይኸው ነው። የሚያስቸግረኝ ቋንቋ ብቻ ነበር። የኔ እንግሊዝኛ ደህና አደራችሁ ብሎ ያልቃል፤ የቀረው በእጅና በፈገግታ ነው። እንዲያም ሆኖ እንግዳው ይመጣል፣ ይበላል፣ አመስግኖ ይሄዳል።

አንድ ቀን አክስቴ መጡ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እዚሁ ቤት ተወልደው፣ ከዚሁ ቤት ተድረው የወጡ። ከበሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ መደብ ላይ፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጡባት፣ ተቀመጡና ነገራቸውን ጀመሩ።

«ልጄ ድሬዳዋ አልሆነለትም» አሉኝ። «እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ሰው መያዝ ያውቃል። ሸሪክ አድርጊው። ባዳ ከምታስገቢ ሥጋሽ ይሻላል።»

ድሬዳዋ ምን እንዳልሆነለት አውቅ ነበር። ጁስ ቤት ከፍቶ ዘግቷል፤ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ከፍቶ ዘግቷል፤ የመኪና እጥበትም ከፍቶ ዘግቷል። መክፈትና መዝጋትማ የበረኛ ሥራ ነው፤ እሱን እንኳ ተቀጥሮ ቢሠራው ደመወዝ ያገኝበት ነበር።

ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም። አባቴ ከኔ ሌላ ልጅ የለውም፤ በሸሪዓው አክስቴም ከዚህ ቤት ድርሻ ነበራቸው። ያኔ ቃዲው ፊት ቀርበው «ወንድሜን ያስታመመችው እሷ ናት፤ የኔንም ለሷ ትቻለሁ» አሉ። እንዲህ ላደረጉ ሰው እምቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? እሺ አልኩ። አህያ ከአመዱ፣ ዘመድ ከዘመዱ ይባላል። አመዱን ማን እንደሚጠርገው ግን ተረቱ አይናገርም።

ሐረር ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ ባገኘው ቦታ አይቀመጥም። የሳሎኑ መደቦች ደረጃ ደረጃ አላቸው፤ ከፍ ያለው አሚር ነደባ ይባላል፣ የቤቱ ጌታ መቀመጫ ነው። ከበሩ የሚገባውን ፊት ለፊት የሚያየው እሱ ነው። አባቴ ደህና ሳለ እዚያ ነበር የሚቀመጠው፤ ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ሮመዳን ሲቃረብ መደቡን ቀይ አፈር እቀባዋለሁ፣ ምንጣፉን አነጥፋለሁ፣ ትራሱን አራግፌ እመልሳለሁ፣ ከዚያ እወርዳለሁ። እኔም አልተቀመጥኩበትም። እንግዳ እግሩን ሊያነሳ ሲል «ኖ፣ ኖ» እለዋለሁ፤ ይህችን አውቃለሁ።

የአክስቴ ልጅ በመጣ በመጀመሪያው ጠዋት ጫማውን አወለቀና ወጥቶ ተቀመጠ። የአባቴን ትራስ ከጀርባው አመቻቸ።

«ወላሂ ይመቻል» አለኝ።

ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ምላሴን ያዘው። እሱ ተቀምጦ እኔ ቆሜ ሥራ ጀመርን፤ ሽርክናችንም በዚያው ጸና።

እንግዳ ሲመጣ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ የኔው ጅብ ግን አገር መሄድም አላስፈለገው፣ የማያውቁት ሰዎች እሱ ዘንድ ድረስ ይመጡለት ነበር። ምን እንደሚላቸው ከፈረንጆቹ ጋር ከሚመጣው አስጎብኚ እሰማለሁ። አባቴ መነጽሩን የሚያስቀምጥባትን የግድግዳ ቀዳዳ የአሚር ሰይፍ ማኖሪያ አድርጓታል። እናቴ ከጊደር መጋላ ገበያ ተከራክራ የገዛችው ሰሃን ከሕንድ በግመል የመጣ ሆኗል። ፈረንጆቹ ይደነቃሉ፣ ፎቶ ያነሱታል። እሱም ፎቶ ሲነሳ አገጩን ቀና ያደርጋል። አንዱን ምስል ስልኩ ላይ አሳይቶኝ ነበር፤ ከበስተኋላው ትሪ ይዤ ስገባ ግማሽ ፊቴ ይታያል።

«ቀዝቃዛ ውሃ!» ይለኛል ከላይ ሆኖ። እዚህ ላይ ስለ ፍሪጁ ልናገር። ፍሪጁ ከኋላ ክፍል የተሰካው ለጥቂት ቀን ነው። ሲነሳ የቤቱ መብራት ይደክማል፣ ሌሊት ያጓራል፣ እንግዳ እንቅልፍ ያጣል። እንቁላሉን እንደሆነ በየጠዋቱ ከሸዋ በር ገበያ ትኩሱን አመጣለሁ። ስለዚህ ከሶኬቱ ነቀልኩትና የታጠበ አንሶላ ከተትኩበት። አይጥ አይገባውም፣ አቧራ አይገባውም፤ ለቁም ሣጥንነት የተፈጠረ ነው። ሸሪኬ ታዲያ ይህን አያውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅማ! ውሃ ሲጠራ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሱቅ እሮጣለሁ፤ እሱ «ከፍሪጃችን» ብሎ ለእንግዳው ያቀብላል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሶፊ የመጣ ጫቱን ይዞ እዚያው ላይ ጋደም ይላል። ያንን ትራስ ከክንዱ ሥር አድርጎ ስለ ንግድ ይተነትናል። ቤቱ ላይ ፎቅ ይጨምራል፣ ሁለተኛ ቤት ይከፍታል፣ አውቶቡስ ይገዛል። ምሽት ላይ አውቶቡሱም ፎቁም ይጠፉና የጫቱ ገረባ ብቻ ምንጣፉ ላይ ይቀራል። እሱን እኔ እጠርገዋለሁ።

ይህንንም ሁሉ እችለው ነበር፤ ብዙ ሴት ከዚህ የባሰ ችላ ኖራለች። ያልቻልኩት የአንዲት እንግዳን ደግነት ነው።

በዕድሜ የገፉ፣ ዓይናቸው የሚራራ ሴትዮ ነበሩ። ሊሄዱ ሲሉ ማድ ቤት ድረስ መጡ፣ እጄን ያዙ፣ ገንዘብ አስጨበጡኝና ረጅም ነገር ተናገሩ። አስጎብኚው አንገቱን ደፋ።

«ተርጉምልኝ እንጂ» አልኩት።

«አይ እናቴ፣ እያመሰገኑሽ ነው።»

«ምስጋና ይህን ያህል አይረዝምም። ተርጉም።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «በጣም ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ ነው የሚሉት። ለቤቱ ባለቤት አደራ ብለውታል፤ ይህችን ሴት አትልቀቃት፣ ትንሽም አሳርፋት ብለው።»

ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። አባቴን ተሸክሜ ባጠብኩበት፣ ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ግድግዳውን ኖራ በቀባሁበት ቤት ሠራተኛ ሆኜ አረፍኩት! ሴትዮዋን በፈገግታ ሸኘኋቸውና ወደ ሸሪኬ ሄድኩ።

«ማነኝ ብለህ ነው የነገርካቸው?»

«ምንም አላልኩም። ራሳቸው ናቸው የገመቱት።»

«ታዲያ ለምን አላረምካቸውም?»

«ነገር ለምን ይወሳሰባል ብዬ ነዋ፣ እህቴ። ለሥራው ብለን ነው እንጂ አንቺን የሚያህል የለም፤ ወላሂ።»

ይህን ሲል ከትራሱ ቀና እንኳ አላለም። የዚያን ቀን ናቅኩት። እስከዚያ ድረስ ተናድጄበት ነበር፤ ንዴትና ንቀት ደግሞ ይለያያሉ። የተናደደ ሰው ይጮኻል። እኔ ግን ሄጄ የዓረፋውን ቀሚሴን ተኮስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ በእንግዳ ሙሉ ነበር። ቀሚሴን ለበስኩ፣ ሻሼን አሰርኩ፣ ወርቄን አደረግሁና ከአሚር ነደባ በታች ባለው ትልቁ መደብ ላይ ከፈረንጆቹ መካከል ገብቼ ቁጭ አልኩ። ፈገግ አሉልኝ፤ እኔም ፈገግ አልኩላቸው። ሸሪኬ ከላይ ሆኖ ስለ አሚሩ ሰይፍ እያወራ ነበር። ቆየት ብሎ ትሪ እንዳልመጣ ገባው።

«እህቴ፣ ቁርስ!» አለኝ በቤት ቋንቋችን።

እኔ አስጎብኚው እንዲሰማ በአማርኛ መለስኩለት። «ዛሬ እኔም እንግዳ ነኝ። ባለቤቱ ያቅርብልን።»

አስጎብኚው ሳቁን ለመደበቅ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ሸሪኬ ሳቅ ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። አየኝ፣ አየሁት። በመጨረሻ ከአሚር ነደባ ወርዶ፣ ጫማውን በእግሩ ፈልጎ ወደ ማድ ቤት ገባ። የድስት መጋጨት ሰማን። ክብሪት ሲጭር፣ ሲጠፋበት፣ እንደገና ሲጭር ሰማን። ቀጥሎ በበሩ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«እንቁላሉ የት ነው?»

«ፍሪጅ ውስጥ ይሆናላ። አንተ አይደለህ ያመጣኸው?»

የኋላው ክፍል ከሳሎኑ ወለል ብሎ ይታያል። አልፎን ወደዚያ ገባ፤ የፍሪጁን እጀታ ያዘና ሳብ ሲያደርገው በኃይል የጠቀጠቅኩት አንሶላ፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስ፣ የክረምት ብርድ ልብስ ተከታትሎ እግሩ ሥር ተዘረገፈ። አንዱ ፎጣ ትከሻው ላይ ቀረ። መጀመሪያ ከፈረንጆቹ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ፎቶም አነሱ። በዚህኛው ፎቶ አገጩን ቀና አላደረገም። እንቁላሉ በሰፌድ ሆኖ ፍሪጁ አናት ላይ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አላየውም።

በዚያው ቀን ተሸካሚዎች ጠርቶ መጣ። «ተዋርጄ አልኖርም፤ ድርሻዬን እወስዳለሁ» አለኝ። «ውሰድ» አልኩት። ፍሪጁን በጠባቡ መንገድ እየገፉና እየጎተቱ ወደ ሸዋ በር ይዘውት ሄዱ፤ እሱ ከኋላ ከኋላ «ቀስ! ቀስ በሉ!» እያለ። ታፔላውን ለመንቀል መሰላል መውጣት ስለሚጠይቅ ተወው። እስከ ዛሬ ከበሩ ላይ አለ። እኔም አንሶላዎቼን ሰብስቤ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፌ ዘረጋኋቸው፤ ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ልጃቸውን አባርሬ አክስቴን ምን ልላቸው ነው? ጥቂት ቀን ይህ እንቅልፍ ነሳኝ። ቤቱ በእሳቸው ቸርነት የኔ ሆኗል፤ ቸርነታቸው ተጸጽቶ ቢመለስስ? ስጠብቃቸው በምርኩዛቸው እያዘገሙ መጡ፤ ከበሩ አጠገብ ካለችው መደባቸው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄን አባረርሽው አሉ።»

«አላባረርኩትም፣ አክስቴ። ቁርስ ሥራ ነው ያልኩት።»

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ሊስቅ ሲል ያዙት። «እሱስ ሥራ አይወድም፤ የወለድኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ወንድ የሌለበት ቤት ደግ አይደለም። ያ ቦታ አባቴ የተቀመጠበት ነው፤ ወንድሜ የተቀመጠበት ነው። እንዴት ባዶውን ይቀራል?»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ወጣሁ፣ አሚር ነደባ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ አፋቸውን ያዙ፤ ተቆጡ ብዬ ነበር።

«ከዚያ ምን ይታያል?» አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

እዚህ ቤት ተወልደው አድገው አንድም ቀን አልተቀመጡበትም! «ይምጡና ይዩ» አልኳቸው። እጃቸውን ይዤ፣ ወገባቸውን ደግፌ አወጣኋቸው። ትራሱን ከጀርባቸው አደረግሁላቸው። ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

እኔ ያየሁትን ነው የሚያዩት። የማድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። የውሃው በርሜል፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ ትሪ የያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ዝቅተኛ መቃን፣ ሁሉም እጅ ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። አባቴ ጥሩ ሰው ነበር፤ ቁርአን ያስቀራኝ እሱ ነው። እናቴ ወገቧን ታማ ውሃ ስታመላልስ ግን ከዚያ ትራስ ተነስቶ አንድ ጀሪካን ሲቀበላት አላስታውስም። ከሳሎኑ ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ አያያትም ብዬ አስብ ነበር። ያን ያህል ዓመት ጎንበስ ብዬ፣ አንድም ቀን ቀና ብዬ ወደ ውጭ ሳላይ፣ ቀይ አፈር የቀባሁት ለዚህ መቀመጫ ነው።

«ማድ ቤቱ ይታያል» አሉ አክስቴ። «ግቢው ሁሉ ይታያል።» እጃቸው ምርኩዙን ጨበጥ አደረገው። «ለካ ያዩን ነበር።»

ደግፌ አወረድኳቸው። ጫማቸውን እያደረጉ ሳለ ሰሌኑ ላይ የተዘረጋውን አዩ።

«አንሶላው መሬት ላይ ምን ይሠራል?»

«ፍሪጁ ሄደ፤ ማስቀመጫ አጣሁለት።»

አክስቴ ምርኩዛቸውን አነሱና ወደ አሚር ነደባ ጠቆሙ። «ይኸው ቦታ» አሉ። «ከልጄም ይልቅ ይህ ይጠቅምሻል።»

አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙ፣ አንዱን እኔ ያዝኩ፤ እያጣጠፍን እዚያ ላይ ቆለልናቸው።