አባዬ ሰይፍ የጨበጠ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚባል ሰፈር በነበረው አፓርታማችን ምድር ቤት፣ ሚስ ኖራ የሚባሉ ወላጆቻቸው ከአየርላንድ የመጡ አሮጊት ይኖሩ ነበር። በጋ ሲገባ አመሻሹ ላይ ጓሮ እሳት ያነዳሉ። ያኔ ፍሙ እየፈካ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ የሕንጻው ልጆች ዙሪያቸውን ተኮልኩለን የአየርላንድ የጥንት ሕዝብ የነበሩትን የኬልቶችን ሰይፍ ወሬ እንሰማለን። ገሚሱ ታሪክ ነበር፤ ምርጥ ሰይፋቸውን ሆን ብለው አጉብጠው ለአማልክት ስጦታ ሐይቅ ውስጥ ይጥሉ እንደነበር ነገሩን። ገሚሱ ተረት ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ፣ በተመዘዘ ቁጥር የሠራውን ሁሉ ሳይደብቅ የሚናገረው ሰይፍ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው የሰፉትን ካባ አልብሰው፣ የስፖንጅ ሰይፍ አስይዘው ፓርክ ይወስዱናል። ትልቅ ትንሹ የኬልት ጎሳ ሆኖ ይዋጋል። ዳኛ የለም፤ ሰይፍ የነካው ሰው ራሱ «ሞቻለሁ» ብሎ ይወድቃል።

አባዬ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ እሑድን ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ሰው ነበር። «አማልክት» የሚለውን ቃል ከአፌ ሲሰማ ደነገጠ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ እንደወጣ ቀጥታ ወደ ፓርኩ ድራይቭ አድርጎ መጣ፤ ሊወስደኝ፣ ዳግመኛም ላይመልሰኝ።

የእኛ ወገን ግን አንድ ሰው ጎድሎት ነበርና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ሚስ ኖራ ጋሻና ሰይፍ አስጨበጡት። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?»

«ዲፌንድ አድርገኝ» አልኩት።

ትንሽ አየኝና የሥራ ባጁ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከፊቴ ቆመ። ውጊያውን የሚያስጀምረው መለከት ሲነፋ ጮኸን ሮጥን። አባዬ አንዱን መከተ፣ ሌላውን አሳደደ፤ እንዲያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። በመጨረሻ ለእኔ የተሰነዘረውን ሰይፍ በደረቱ ተቀበለና ሌሎቹ ሲያደርጉ እንዳየው፣ በአማርኛ «ሞቻለሁ!» ብሎ ሣሩ ላይ ተዘረረ። ቃሉን ማንም ባያውቀውም ለሁሉም ገባው። ከወደቀበት ሆኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ነበር።

ያን ምሽት እሳቱ ዳር ከጎኔ ተቀመጠ። «አማልክቱን ተያቸውና የሰይፉን ተረት ንገሪኝ፤ በአማርኛ» አለኝ። ያኔ በአማርኛ ሲጠይቀኝ በእንግሊዝኛ መመለስ የለመድኩ ልጅ ነበርኩ። እየተንተባተብኩ ጀመርኩለት፤ ሰይፉ የሚመዘዝበት ቦታ ስደርስ ቃል ጠፋኝ።

«ሰይፉ ከ… ከቤቱ ሲወጣ» አልኩ።

«ከአፎቱ» አለኝ ቀስ ብሎ። «የሰይፍ ቤት አፎት ይባላል።»

አፎት። «አፍ» የሚለው ድምፅ ውስጡ ተሰማኝና፣ ለሚናገር ሰይፍ የተሠራ ቃል መስሎኝ በደስታ ከወንበሬ ተነሣሁ። ቆሜ ነው ተረቱን የጨረስኩለት።

ሚስ ኖራ የነገሩንን የነገሥታት ስም ዛሬ አንዱንም አላስታውስም። አማርኛው መሐል ላይ ሲያልቅብኝ ግን፣ ከዚያ ምሽት ወዲህ ወደ እንግሊዝኛ አልሸሽም፤ ቆም እልና አባዬን እጠይቀዋለሁ።