የቅድስት አግነስ ስም

ባለቤቴ ለበዓል ቢላዋ ሲስል በሰማሁ ቁጥር፣ ልጅ ሆኜ ሚዛን ተፈሪ በቤታችን ጓሮ ቡና ሥር የተደበቅኩበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ጥምቀት አልፎ፣ እኛ ካቶሊኮች የምናከብረው የቅድስት አግነስ በዓል ዋዜማ ነበር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራችን ጋሽ ሀብቴ፣ አግነስ እምነቷን አልክድም በማለቷ ገና በልጅነቷ በሰይፍ መገደሏን ተረኩልን። ከዚያ ራሴን ዳበስ አድርገው፣ "አንቺም አግነስ ነሽ፤ የሷ መንገድ ያንቺም መንገድ ነው" አሉኝ።

ቤት ስደርስ አባቴ ቢላዋ እየሳለ እናቴን፣ "ነገ በጠዋት አርጄ ቅዳሴ እንሄዳለን" ይላታል። ለበዓሉ የተገዛው በግ ጎረቤት ቤት መታሰሩን አላወቅሁም። አንገቴን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ስሜ ሲጠራ ትንፋሼን ዋጥኩ። በመጨረሻ እናቴ አገኘችኝ።

"እማዬ፣ ስሜን ቀይሪልኝ። መሞት አልፈልግም!"

ደንግጣ አቀፈችኝ። እንባዬን ጠርጋ እንዲህ አለችኝ፦

"ስትወለጂ አላለቀስሽም። አዋላጇ ሞታለች ብላ በጨርቅ ጠቅልላሽ ነበር። ቀኑ የአግነስ ነበርና 'ልጄን አትርፊልኝ፣ በስምሽ እጠራታለሁ' ብዬ ለመንኳት። ያኔ አለቀስሽ። ስሙን ያወጣሁልሽ እንድትኖሪ ነው።"

አመንኳት። ግን አቅፋኝ ወደ ቤት ስንገባ እሷም አንገቴን በእጇ ሸፍና ይዛ ነበር።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ሴት ልጄ ክርስትና የምትነሳበት ቀን ሲደርስ እናቴ "አግነስ በያት" አላለችኝም፤ እኔም አላነሳሁትም።